ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ ሄጄ ምን ልጠይቅ?

የበኩር_እናት | ጳጉሜ 1፣ ማታ 2:40

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የመጀመሪያ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ጥሩ ስለነበር ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተፈትና አለፈች። ከቤታችን በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል። ዘመድ አዝማድ እልል ብሏል። እኔም ብያለሁ።

የዕቃ ዝርዝር ሰጥተውናል። ፍራሽ፣ ሁለት አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ የሻንጣ ቁልፍ ከነመለዋወጫው። የሻንጣው ቁልፍ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ስለ ልጅቷ ግን አንድ መስመር የለም። ማታ ማን አብሯት እንደሚያድር፣ ቢያማት ማን እንደሚያያት፣ አንድ ሰው ያለ አግባብ ቢነካት ለማን እንደምትናገር፣ ምንም።

ለባለቤቴ ይህንን ስለው «ገና ሳትሄድ ማሟረት ጀመርሽ» አለኝ። ከመግባቷ በፊት ሄጄ ላያቸው አስቤያለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? «ልጆች የሚደፍር ሰው አላችሁ ወይ?» አይባል ነገር።

ቀጥተኛው | ጳጉሜ 1፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ ልጅሽ ስንቱ ተመኝቶ ያጣውን ዕድል አግኝታለች። በፍርሃት አትሸኛት። እኔ ሦስት ልጆች አዳሪ አስተምሬ ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ዘንድሮ ፌስቡክ ላይ የሚወራው ሁሉ ሰው እያሳበደ ነው።

ሻንጣ_በራስ | ጳጉሜ 1፣ ማታ 4:50

ወንድም ቀጥተኛው፣ ዩኒቨርሲቲ እኔም ገብቻለሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዳሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን የተቆጣጣሪው ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው ከበሩ ተነስቶ በአልጋዎቹ መሃል ይመጣል። ሁላችንም ብርድ ልብሳችንን እስከ ግንባራችን ስበን እንቆጥራለን። የእኔ አልጋ 11ኛው ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር… ካለፈኝ እተነፍሳለሁ። ሳያልፍ የቆመባቸው ሌሊቶች አሉ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«ለምን አልተናገርክም?» ትሉ ይሆናል። ባለቤቴም ከ20 ዓመት በኋላ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። እስቲ ልንገራችሁ። ስልክ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ያኔ የሚሽከረከረው ስልክ ነው፤ እንዳይደወልበት ቁጥሩ ላይ ትንሽዬ ቁልፍ ይደረግበታል። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ ሳናሽግ ለእሱ እንሰጣለን፣ «ፊደል ላርምላችሁ» ይላል። የመውጫ ፈቃድ የሚፈርመው እሱ። ክሊኒክ ለመሄድም እሱን ማስፈቀድ ነው። ስለ እሱ ለመናገር እሱን ማስፈቀድ ነበረብኝ።

እናቴ አንድ ጊዜ በጥምቀት ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣች። በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ። እሱ መጥቶ ሰላም አላት። «ልጅሽ ጨዋ ነው፣ እንደ ልጄ ነው የማየው» አላት። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል በእጁ አነሳት። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገራት?

ስለዚህ የበኩር እናት፣ ከእኔ የምትወስጂው አንድ ጥያቄ ነው። «ልጄ ማንንም ሳታስፈቅድ እኔ ጋ የምትደውለው በምንድን ነው?» በይ። የሚመልሱልሽን ሳይሆን ሲመልሱ ፊታቸውን እዪ።

ቀጥተኛው | ጳጉሜ 1፣ ማታ 5:10

ወንድሜ ይቅርታህን። አላወቅኩም ነበር።

ፕሮክተር_ነበርኩ | ጳጉሜ 2፣ ጠዋት 1:30

ሻንጣ በራስ፣ እግዜር ያጽናህ። ማታ አንብቤው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ስድስት ዓመት የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ሆኜ ሠርቻለሁ። አንዳንድ ነገር ከውስጥ ላውጋሽ፣ የበኩር እናት። ወላጅ ሲመጣ ዶርሙን ቀን ላይ ነው የሚያሳዩት። አልጋው ተነጥፎ፣ ወለሉ ተወልውሎ። አንቺ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቂና ከዶርሙ በር ጀምረሽ በእግርሽ ሂጂ። እኛ ጋ ርቆ ስለነበር ልጆቹ ማታ ውሃ አይጠጡም ነበር። ሽንታቸው እንዳይመጣ ብለው። የሚሄዱትም ሦስት ሦስት ሆነው ነው። አምፖል ሲቃጠል ለመቀየር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው ይቀመጣል።

ሁለተኛ ንብረት ክፍልን ጠይቂ። ሰው የሚፈራው ዘበኛውን ነው፣ እኔ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። ዕቃ የሚያድል ሰው ኃይለኛ ነው። ሳሙና፣ ደብተር፣ ሞዴስ። እኛ ጋ አንድ የንብረት ኃላፊ ሞዴስ የሚሰጠው ከመሸ በኋላ ነበር። ቀን ሥራ ይበዛብኛል እያለ። ከቤት የሚላክላቸው ልጆች ግድ የላቸውም። ለመጠየቅ የሚሄዱት ማንም የማይልክላቸው ናቸው። እሱ ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ካርቶኑን ወደ እኔ ክፍል አስመጣሁት። ማንንም አልከሰስኩም፣ ካርቶኑን ብቻ ነው ያዛወርኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ልጆቹን ተቀምጬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሌላው የዕረፍት ጊዜ ነው። ለገና፣ ለመንፈቀ ዓመት ልጆች ወደ ቤት ሲሄዱ መሳፈሪያ የሌላቸው ይቀራሉ። 80 ልጅ የሚተኛበት ዶርም ውስጥ አምስት ልጅ። ፕሮክተሯም ዕረፍት ወጥታለች። ያቺን ሳምንት ማን እንደሚያድር ጠይቂ። ካልተዋጠልሽ ልጅሽን ውሰጃት፣ ከቻልሽ የቀረችውንም ጓደኛዋን ጨምረሽ።

ትልልቅ ተማሪዎችንም አትርሺ። ሁሉም ነገር ከአዋቂ ብቻ አይመጣም። የክፍል አለቃና የዶርም ተጠሪ የሚባሉት አንዳንዴ ከመምህር በላይ ይፈራሉ።

ጠመኔ | ጳጉሜ 2፣ ጠዋት 3:15

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለብዙ ልጆች መጠለያ ነው። እኛ ወረዳ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። አርብ ሄደው እሁድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። የ15 ዓመት ልጅ፣ መቀርቀሪያው የላላ የጭቃ ክፍል፣ አከራዩ በዚያው ግቢ። ኪራይ ሲዘገይ ምን እንደሚባሉ እኔ አውቃለሁ። ፕሮክተር የላቸው፣ አጥር የላቸው። ስለዚህ «አዳሪ አይግቡ» ወደሚለው እንዳንሄድ።

ሁለተኛው፣ እኛም እንፈራለን። አንድ ተማሪ ተናድዶ አንድ ቃል ቢናገር የመምህሩ ሕይወት ያበቃል።

ሻንጣ_በራስ | ጳጉሜ 2፣ ቀን 6:40

ጠመኔ፣ ስንት ዓመት አስተማርክ? በዚያ ሁሉ ዓመት በሐሰት ተከስሶ ሕይወቱ ያበቃ ስንት መምህር አየህ? ነገር ተገኝቶበት ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረስ ስንት አየህ?

ጠመኔ | ጳጉሜ 2፣ ቀን 9:20

19 ዓመት። የመጀመሪያው፣ አንድም። የሁለተኛው፣ ሦስት።

እውነቱን ለመናገር ይህንን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አንደኛውን ሸኝተነዋል እንዲያውም። ኬክ ተቆርጧል።

ወሎዬው | ጳጉሜ 2፣ ማታ 1:10

ዝውውር ስትሉ የጃሪ ነገር ትዝ አለኝ። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ። ጃሪ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። በ77ቱ ድርቅ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የሚያድጉበት የሕፃናት መንደር ነበር፣ በአንድ የስዊዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሥር። መንደሩን ያስተዳድር የነበረ እንግሊዛዊ ልጆቹን ሲደፍር እንደኖረ ታወቀ። ተይዞ እዚሁ አገራችን ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2003 በፈረንጆቹ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

እኔን የሚገርመኝ የፍርዱ ዓመት ነው። ነገሩ የተፈጸመው ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ነው፣ እሱም በፈረንጅ። ማን ይጠርጥር? ልጆቹን ከሞት ያተረፈ ድርጅት ነው። የሚበሉት ከዚያ፣ የሚለብሱት ከዚያ፣ የሚማሩት ከዚያ። ወላጅ የላቸው። ፕሮክተሯ «ዕቃ የሚያድል ሰው» ያለችው ነገር እዚያ ሙሉ መንደር አክሎ ነበር።

ጥቁር_ካባ | ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 2:00

ጠበቃ ነኝ። ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም አንድ የተሳሳተ ነገር ሁልጊዜ እሰማለሁ፦ «ፈቅዳ ነው፣ ተዋደው ነው።»

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል ነው። ልጁ ፈቀደ አልፈቀደ አይጠየቅም። ከ13 እስከ 18 ላለው አንቀጽ 626 ነው፣ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ከሆነ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 20 ይሆናል። ከ13 በታች ከሆነ አንቀጽ 627፣ ከ13 እስከ 25 ዓመት። አስገድዶ መድፈርን በሚመለከተው በ620ም ቢሆን ድርጊቱ የተፈጸመው አጥፊው በሚመራው ወይም በሚቆጣጠረው የትምህርት ተቋም ውስጥ ባለች ልጅ ላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 20 ይደርሳል። ሕጉ የመምህርን፣ የፕሮክተርን፣ የዳይሬክተርን ሥልጣን እንደ ማክበጃ ነው የሚያየው።

ሽምግልና ብሎ ነገር የለም። ቤተሰብ ታርቆ፣ ካሣ ተቀብሎ «ክሱን ትተናል» ቢል ዐቃቤ ሕግ የመተው ግዴታ የለበትም።

ቀዳዳውንም ልንገራችሁ። አይቶ ዝም ያለውን የሚቀጣው አንቀጽ 443 የሚመለከተው ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ነው። ጠመኔ ያነሳው ኬክ ቆርጦ የሸኘ ሁሉ በዚህ አንቀጽ በቀላሉ አይያዝም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የራሱ የጽሑፍ ደንብ ሊኖረው ይገባል። «ሠራተኛ ከሰማ በዚያው ቀን ለፖሊስ ያሳውቃል» የሚል፣ ሠራተኛው ሲቀጠር የፈረመበት። አሳዩኝ በይ።

አብዬ_ዘርጋው | ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 4:30

ሁሉም ስለ ሴት ልጅ ነው የሚያወራው። ወንድ ልጅ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው።

ጥቁር_ካባ | ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 4:45

ከላይ ያለውን ሻንጣ በራስን ሳያነቡ ነው የጻፉት መሰለኝ። ጃሪንም።

በሕግ በኩል እውነት ያለው ነገር አለ፤ አንቀጽ 620 የሚናገረው ስለ ሴት ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ላይ ሲሆን የሚጠቀሰው 631 ነው። ግን ችግሩ አንቀጹ አይደለም። ወንዱ ልጅ ስሙን ፈርቶ፣ «ወንድ አይደለህም» እንዳይባል ፈርቶ ፖሊስ ጣቢያ ስለማይደርስ ነው።

ከሐይፋ | ጳጉሜ 3፣ ማታ 3:00

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በሱዳን በኩል በፈረንጆቹ 1984 ነው እስራኤል የገባሁት። 13 ዓመቴ ነበር። ያኔ የእኛን ልጆች አብዛኛውን ወደ ፕኒሚያ ነው የላኩት፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው። አንድ ትውልድ እዚያ ነው ያደገው ብል አላጋነንኩም።

በእኔ ላይ የደረሰ ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወላጆቼ ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ማድሪኩ፣ ማለት ሞግዚት አስተማሪያችን፣ ከአባቴ ጋር ሲነጋገር የማስተረጉመው እኔ ነኝ። «ልጅህ ሒሳብ ላይ ደካማ ናት» ሲል «ጎበዝ ናት ይላል» እለው ነበር አባቴን፣ ሃሃ። ግን ገልብጣችሁ አስቡት። ማድሪኩ ላይ ቅሬታ ቢኖረኝ ማን ሊያስተረጉምልኝ ነው? አጠገቤ የምትተኛዋ ልጅ ቅሬታ ነበራት። አላስተረጎመችውም። አባቷ በአሥራ ምናምን ዓመቱ ነው የሰማው፣ እሱም ከሷ ሳይሆን ከእህቷ።

ዛሬ እኔ ራሴ በአንድ ፕኒሚያ «ኤም ባይት» ነኝ፣ የቤት እናት ይሉናል። የተለወጠ ነገር አለ። ከ1989 ጀምሮ ሕፃን ልጅ በአሳዳጊው ወይም በኃላፊው ተበድሏል ብሎ የጠረጠረ ሁሉ ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛ መናገር ግዴታው ነው። አስተማሪ፣ ሐኪም፣ የፕኒሚያ ሠራተኛ ሆኖ ዝም ካለ እስከ ስድስት ወር ይታሰራል። ከ2001 በወጣው ሕግ ደግሞ ልጆች ባሉበት ተቋም ወንድ ሠራተኛ ሲቀጠር በጾታ ወንጀል እንዳልተፈረደበት የፖሊስ ወረቀት ያመጣል። አትክልተኛውም ያመጣል። እዚህ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ 1202 የሴቶች፣ 1203 የወንዶች መስመር ነው። አማርኛ የምትናገር ሰው ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የበኩር እናት፣ እናንተ ጋም ቋንቋ አለ እኮ። ልጅሽ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነች ጥሩ። ከሩቅ ክልል መጥታ ከፕሮክተሯ ጋር በደንብ የማትግባባ ልጅ አብራት ካለች ጓደኛ ታድርጋት።

ሎንዶን_ዝናብ | ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 5:00

ከላይ «የፈረንጅ ወሬ» ለተባለው፣ ፈረንጆቹም ጉዳቸው ወጥቷል። እኔ እንግሊዝ አገር አንድ ውድ አዳሪ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የሎርድ ልጆች የሚማሩበት ዓይነት። በሕፃናት ላይ የደረሰውን ጥቃት ያጣራው ብሔራዊ ኮሚሽን በፈረንጆቹ ማርች 2022 ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የራሱን ሪፖርት አውጥቷል። ስም ለመጠበቅ ሲባል ስንቱ ተዳፍኖ እንደኖረ የሚያሳይ ነው። ገንዘብ ልጅ አይጠብቅም።

ግን አንድ የወደድኩት ነገር። ማታ ማታ ኮሪደሩን ስወለውል ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። የአንዲት ሴት ስምና ቁጥር። ስጠይቅ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለችም፣ የማንም ዘመድ አይደለችም። ልጆቹ የከበዳቸው ነገር ሲኖር በቀጥታ የሚደውሉላት የውጭ ሰው ናት። እዚህ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው የመሰየም ግዴታ አለበት። ከሥሩ ደግሞ የቻይልድላይን ቁጥር፣ ከ1986 ጀምሮ ያለ የልጆች የነፃ መስመር። ሻንጣ በራስ የጻፍከውን ሳነብ ያ ወረቀት ነው ፊቴ የመጣው።

አወያይ | ጳጉሜ 4፣ ቀን 8:00

አንድ መልስ አንስቻለሁ። የትምህርት ቤትና የሰው ስም ስለጠራ ነው። ጸሐፊው፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ። እንደዚያ ዓይነት ነገር የሚያውቅ ሰው 991 ይደውል ወይም በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሂድ። እዚህ ከጻፋችሁት ያ ሰው ቀድሞ ያነበዋል።

ነጭ_ጋዋን | ጳጉሜ 4፣ ማታ 2:15

ነርስ ነኝ፣ ባጭሩ። ነገሩ ከደረሰ ልጁን አታጥቡት፣ ልብሱን አትጠቡት። ልብሱን ላስቲክ ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ አድርጉት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ፖሊሱም ምክሩም አንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ። ልጁን «ለምን ሄድክ፣ ለምን አልጮህክም» አትበሉት። እየመጡ ያሉት ወላጆች በሩ ላይ ሆነው ሲሉት እሰማለሁ።

የበኩር_እናት | መስከረም 3፣ ማታ 3:30

እንኳን አደረሳችሁ። ብዙ ሆናችሁ ጠበቃችሁኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ልጄን ያናገርኳት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሹሩባ ስሠራት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጬ ቢሆን አልችልም ነበር። እኔ ጸጉሯን እያየሁ፣ እሷ ግድግዳውን እያየች። «የሰውነትሽን…» ብዬ ጀመርኩና ቃል አጣሁ። ያ ቦታ በእኛ ቋንቋ ወይ የስድብ ስም አለው ወይ የሐኪም ስም። እሷው ረዳችኝ። «ባዮሎጂ ተምረናል እማ፣ ቀጥይ» አለች።

ማንም ሰው ምስጢር ያዢልኝ ካለሽ ለእኔ ንገሪኝ አልኳት። «አስተማሪ ቢሆንስ?» «አስተማሪም ቢሆን።» «ቄስ ቢሆንስ?» «ቄስም ቢሆን።» «አጎቴስ?» እጄ ጸጉሯ ላይ ቆመ። ምን ሆነሽ አጎትሽን ጠራሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና «አጎትሽም ቢሆን» አልኩ። «እሺ፣ ዝም ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ይለፍ ቃል አወጣን። ስልክ ላይ ሰው አጠገቧ ቢሆንና መናገር ባትችል «ነጯ ዶሮ እንዴት ናት?» ትለኛለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ዶሮ የለንም። ያንን ከሰማሁ ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ እመጣለሁ።

ትምህርት ቤቱንም ሄጄ አየሁ። ምክትል ዳይሬክተሩ ናቸው የተቀበሉኝ። ስልክ? «ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዩኒት ሊደሩ (በተማሪዎች ተቆጣጣሪው) ስልክ፣ እሱ ባለበት።» ማታ? 86 ሴት ልጆች፣ አንዲት ፕሮክተር። ስትታመምስ? ዝም አሉ። ከዶርሙ በር እስከ መጸዳጃ ቤት 112 እርምጃ ቆጠርኩ። ሁለት አምፖል አለ፣ አንዱ አይበራም። ወንጀል እንደሌለባቸው የሚያሳይ የፖሊስ አሻራ? መምህራኑ ሰጥተዋል። ዘበኞቹና የምግብ ቤት ሠራተኞቹ «በሰው ነው የገቡት»። የጽሑፍ ደንብ? ስለ ሞባይል አጠቃቀም አንድ ገጽ ተኩል አለ። ስለዚህኛው የለም።

ሰውየው መጥፎ ሰው አይደሉም። በኋላ ላይ የጠረጴዛ ካላንደራቸውን ገልብጠው ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ይሄንን ማንም ወላጅ ጠይቆን አያውቅም» አሉኝ። ሁሉም ስለ ውጤት ነው የሚጠይቀው።

ፕሮክተር_ነበርኩ | መስከረም 3፣ ማታ 4:00

112! እንዳትተዪው። አምፖሉን ራስሽ ገዝተሽ ሂጂ፣ በጀት እስኪለቀቅ ክረምት ይመጣል።

የበኩር_እናት | መስከረም 21፣ ማታ 2:00

አምፖል አራት ገዛሁ። ስድስት ወላጆች ተሰባስበን ተራ ትንሽ ስልክ ገዛን፣ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጧል። ከትምህርት በኋላ ማንም ልጅ ገብቶ ይደውላል፣ ላይብረሪያኗ ውጭ ትቆያለች። ዩኒት ሊደሩ አልተደሰተም። «ልጆቹ ለእናታቸው ሲያለቅሱ ጥናት ይፈታል» ብሏል። ያለቅሱ። አጠገቡ የሦስት ወላጆች ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፣ አንዱ የእኔ ነው። የሎንዶኗን ሰውዬ ሐሳብ ነው የወሰድነው። ሁለተኛ ፕሮክተር ግን እስካሁን አልተቀጠረችም። ወረዳው ይታያል ብሏል።

ሎንዶን_ዝናብ | መስከረም 21፣ ማታ 3:40

ሰውየው ነኝ፣ ሴት አይደለሁም፣ ግን ደስ ብሎኛል 😀

የበኩር_እናት | ጥቅምት 12፣ ማታ 4:20

እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ደህና ነን ግን።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደወለች። ደህና ነሽ፣ ደህና፣ በላሽ፣ በላሁ። ከዚያ «እማ፣ ነጯ ዶሮ እንዴት ናት?»

ምን እንደመለስኩላት አላውቅም። ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋሁ። 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርኩ፣ የመጀመሪያው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ እንደ ዛሬ የዘገየብኝ ቀን ያለ አይመስለኝም። በሩ ላይ ስደርስ ዘበኛው «የጉብኝት ቀን እሁድ ነው» አለኝ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። 40 ደቂቃ አቆመኝ። ላይብረሪያኗ በመስኮት አይታኝ ነው መጥታ ያስገባችኝ።

ልጄ ከክፍል ወጣች፣ ደብተሯን እንደያዘች። አየችኝ። «መጣሽ?» አለች። ምን ሆንሽ፣ ማን ነው፣ የት ነው አልኳት። አንገቷን ደፋች። «ምንም አልሆንኩም። ትመጪ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።»

ልምታት ላቅፋት አላወቅኩም። አቀፍኳት። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆነጠጥኳት፣ ክንዷን።

የዶርም ጓደኞቿ ሰምተው ከበቡኝ። አንዷ፣ ከሩቅ የመጣች ቀጭን ልጅ፣ ሌሎቹ እስኪሄዱ ቆማ ጠበቀች። «የእኔ እናት ስልክ የላትም፣ በእርስዎ ቁጥር መደወል እችላለሁ?» አለችኝ። ትችያለሽ አልኳት። የምትለው ነገር እንዳለ ጠየቅኳት። «አሁን የለም» አለች። ለልጄ ከእሷ አጠገብ እንድትሆን ነግሬያታለሁ፣ ለላይብረሪያኗም። እሁድ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ጥቁር_ካባ | ጥቅምት 12፣ ማታ 4:35

እሁድ ስትሄጂ ብቻዋን አናግሪያት፣ ግን አታፋጥጫት። አንድ ነገር ካለችሽ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፊው፣ ቀኑንም። ከዚያ ደውይልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሻለሁ። ፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ ልጅ አጥፊው ፊት ቆማ መመስከር የለባትም። ለሕፃናት የተዘጋጀ ችሎት ባለበት ሌላ ክፍል ሆና በቴሌቪዥን ነው፣ ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ።

ሻንጣ_በራስ | ጥቅምት 12፣ ማታ 5:50

በመጀመሪያው ሚኒባስ።

እናቴ ዛሬ 81 ዓመቷ ነው። ይህንን ክር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የራሴንም ጨምሬ።

ቀጥተኛው | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 1:15

እኔም ሦስቱ ልጆቼ ጋ ደውዬ ነበር። ትልቁ 31 ዓመቱ ነው። «አባዬ ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ። አንድ ሰዓት አወራን።

የበኩር እናት፣ ዶሮዋስ እንዴት ናት?

የበኩር_እናት | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2:00

ዶሮ የለንም አልኳችሁ እኮ። ቃሉንም ቀይረነዋል፣ እዚህ ጽፌ ጉድ ሆኜ። አዲሱን አልነግራችሁም።